የኩርፊያ አባት

በአሶሳ ሰፈራ ጣቢያ የደረሰን ቤት ግድግዳው ቀርከሃ ነበር፤ ያውም ጭቃ ያልቀመሰ ቀርከሃ። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከየመኝታችን ሳንነሳ ነው። በተኛሁበት ሆኜ ሦስተኛው ቤት ድስት ውስጥ ስንት ጭብጥ ሽሮ እንደገባ በድምፁ አውቅ ነበር ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ሁለተኛው ቤት ግን እውነት ነው።

ከወሎ የመጣነው በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭነን ነው። መጨናነቃችንን ለማስረዳት ያህል፣ እግሬን በላኝ ብዬ ሳክ ሳክ መጥቼ አሶሳ ስንደርስ ለካ የማከው የሌላ ሰው እግር ኖሯል። የእግሩ ባለቤት አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። «ምነው ዝም አልሽኝ?» ብላት፣ «እኔንም በልቶኝ ነበር፤ እጄ አልደርስ ብሎኝ» አለችኝ። እንዲህ ተዋወቅን። ቤት ሲታደል ከግራ ግድግዳዬ ማዶ ከባሏ ጋር ደረሳት፤ ጎረቤቴ ሆነች። ሳቋ ከማሽላ ማሳ ወፍ ያባርር ነበር።

ከባሏ ጋር ስድስት ዓመት ኖረው ልጅ አልመጣም። አገር ቤት ሳሉ ጠበሉም ዱአውም፣ ቅጠሉም ሥሩም ተሞክሯል። ባልየው የልጁን አለመምጣት ከሥራ እንደ መቅረት ነበር የሚቆጥረው፤ ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብሎ ወስኗል፣ ምክንያቷን የሚጠይቃትም በጡጫ ነው። «መካን! ዘሬን ደፋሽው!» ሲል ይሰማኛል። ቀጥሎ የሚሰማኝን አልጽፈውም፤ ጡጫ ግድግዳ ሲመታና ሰው ሲመታ ድምፁ እንደሚለያይ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነውና ዕድሉን አላበላሽበትም።

እኔ ደግሞ በዚያ ዘመን ባሌ ከማዶ ሲያስል የማረግዝ ሴት ነበርኩ። ሦስት ልጅ በሦስት ዓመት። ጎረቤቴ ትንሿን ልጄን አዝላልኝ ትውላለች፤ ልጅቷም ከእኔ ጀርባ ይልቅ የእሷ ጀርባ ይመቻታል። ባልየው ከእርሻ ሲመለስ ልጅ አዝላ ካያት ያን ቀን ይብስበታል። ይህን ስረዳ ልጄን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ ጎረቤቴ ግን አልሰጥም አለች። «ልጅ ባዝልም ይመታኛል፣ ባላዝልም ይመታኛል፤ ባይሆን ጀርባዬ ይሙቀው» አለችኝ።

እኛ አገር ባል እጁን ሲያነሳ ሴት ነጠላዋን ታነሳለች። ኮርፋ አባቷ ቤት ትገባለች፤ የቀረው የባል ጣጣ ነው። ሽማግሌ ለምኖ ይመጣል፤ ደጅ ላይ ይገተራል፤ አማቱ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ፀሐይ አናቱን ሲበሳው ከዋለ በኋላ ይገባል፣ ይዘለፋል፣ ቀሚስ ይገዛል፣ ይምላል፣ ሚስቱን ይወስዳል። ባል የሚፈራው ሚስቱን አይደለም፤ ያንን ደጅ ነው። አሶሳ ስንገባ ግን አባቶቻችን ከአንቶኖቭ ማዶ ቀሩ። ኮርፌአለሁ ለምትል ሴት ደግሞ አውሮፕላን የሚልክ የለም። ይህን ነገር ወንዶቹ ከእኛ ቀድመው ነው የተረዱት።

አንድ ቀን ጎረቤቴን ይዤ ወደ ጣቢያው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ካድሬው አየት አደረጋትና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓዶች፣ የባልና ሚስት ጉዳይ ሁለተኛ ደረጃ ቅራኔ ነው። ዋናው ቅራኔ ከአድኃሪያን ጋር ነው።»

«ጓድ፣ ዋናው እስኪያልቅ ይቺ ሁለተኛው ዓይኗም ሊጠፋ ነው» አልኩት።

«በሥራ ሰዓት ከመታት ሪፖርት አድርጉ።»

ባልየው ደግሞ አንድም ቀን በሥራ ሰዓት መትቶ አያውቅም፤ ለሥራ ሰዓት ያለው ክብር የሚያስመሰግን ነበር።

በማግስቱ በቆሎ ስናርም ነገሩ እንደ እሾህ ከውስጤ አልወጣ ብሎኝ ዋለ። አሥራ ሰባት ሴቶች በአንድ ረድፍ ነን። የዚያ ጊዜ መንግሥት ለሁሉም ነገር ኃላፊ ይሾማል፤ የአረም ኃላፊ፣ የውሃ ኃላፊ፣ ኃላፊዎቹን የሚቆጣጠር ኃላፊ። እኔ ቀና ብዬ፣ «እንግዲህ አባት ከሌለን አባት እንሹም! ለኩርፊያ ብቻ ኃላፊ ይጥፋ?» አልኩ። ረድፉ በሳቅ ተንከተከተ። ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀችም። መቆፈሪያዋን መሬት ላይ አቁማ፣

«ማንን?» አለች።

እኔ ለሳቅ ነበር የተናገርኩት። እሷ ግን መልስ ትጠብቃለች።

ከመንደሩ ጫፍ፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከቀርከሃ ቀፎና አልጋ ይሠራሉ። ክብደታቸው ከቀፎአቸው አይበልጥም፤ ነፋስ ሲነሳ ኪሳቸው ድንጋይ ይከታሉ ይባል ነበር። ይህን ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ከአረም ስንመለስ አሥራ ሰባታችንም እግራችን ላይ ጭቃ እንደተለጠፈ ደጃቸው ቆምን።

«አባባ፣ አባት እንዲሆኑን ነው የመጣነው» አልኩ።

«የማን አባት?»

«የሁላችንም።»

በዓይናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠሩን። «እናታችሁን የት ነው ያገኘኋት?» አሉ።

ነገሩን አስረዳናቸው። ባል ሲመታን ነጠላችንን ይዘን እንመጣለን፤ እሳቸው በር ይከፍታሉ። ባል ከነሽማግሌው ሲመጣ ደጅ ያቆሙታል፣ ይቆጡታል። «መቆጣት ይችላሉ?» ስንላቸው፣ «ቁጣ አርባ ዓመት አጠራቅሜያለሁ፤ የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው እንጂ» አሉን።

ነገሩ መሞከር ነበረበት። የሞከርኩት እኔ ነኝ። ባሌ እንኳን ሚስት ዝንብም መትቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን አንድ ቀን ምሳ ሲበላ «ወጡ ዛሬ ውሃ ውሃ ብሏል» ሲል አመለጠው። ይህችን ቃል ስጠብቅ ነበር። ነጠላዬን አነሳሁ፤ ሦስቱን ልጆች ጥዬለት ውልቅ። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። የሮጠው ወጉን ብሎ አይደለም፤ ሦስቱ ልጆች ናቸው ያስሮጡት። አባባ ቁመት እንዲጨምርላቸው ግንድ ላይ ቆመው ከላይ ወደ ታች አዩት።

«ልጄን ውሃ አልካት!»

«ኧረ አባባ፣ ወጡን ነው!»

«ወጡንም ልጄ ናት የሠራችው!»

ቅጣቱ አሥር እንስራ ውሃ መቅዳት ሆነ። ባሌ እንስራ ተሸክሞ በመንደሩ መሐል ሲያልፍ ወንዶቹ ሁሉ ከየበራቸው ወጥተው አዩት። የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት እንደ ማሰብ አሉ። ያን ሰሞን የግድግዳዎቹ ድምፅ ቀነሰ፤ ሁለት ሦስት ሴቶችም ኮርፈው ገብተው በክብር ወጡ። እኔ ከሥራዬ ብዛት ደመወዝ ሊቆረጥልኝ ይገባ ነበር።

ጎረቤቴ የሄደችው ዘግይታ ነው። ከረድፋችን አንዷ ወልዳ ገንፎ በላን፤ ጎረቤቴ የአራሷን ቅቤ አናቷ ላይ ተቀብታ እየሳቀች ቤቷ ገባች። ባሏ ቅቤውን ሲያይ በሰው ልጅ የተሰደበ መሰለው። በማግስቱ ጠዋት ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ነጠላዋን ይዛ በመንደሩ መሐል፣ በሁሉም ፊት፣ ወደ አባባ ቤት ሄደች።

ባልየው በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ይዞ መጣ። አባባ ደጅ አቆሙት፣ ተቆጡት። ምላሱ ግን ማር ነበር። «አጥፍቻለሁ፤ ሰይጣን ነው፤ ሁለተኛ እጄን ባነሳባት እጄን ይቁረጠው» አለ፤ መሬት ስሞ ማለ። ከባምባሲ ገበያ ሁለት ዶሮ አምጥቷል፤ መንደራችን እስላምም ክርስቲያንም ስለሆነ አንዱ ለዚህ አንዱ ለዚያ እንዲታረድ ብሎ፤ አሳቢነቱን እዩልኝ። ሽማግሌዎቹ «ልጄ፣ ሰው ነውና ይሳሳታል» አሉ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

እኔ ያኔ ዶሮዎቹን እያየሁ ነበር። ከሰፈርን ወዲህ ሥጋ ያየነው በሩቁ ነው፤ ከራበኝ ብዛት የጎረቤት ዶሮ ሲጮህ በርበሬ ይሸተኝ ነበር። «ምሏል እኮ፣ እቱ» አልኳት። «ግቢ በቃ።»

ገባች። የእኔ ድርሻ እግሩ ነበር። ጋጥኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሁድ፣ የዕረፍት ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ደረቅ ቀርከሃ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው የተሰበረ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። ግድግዳው ደህና ነው። ከዚያ የእሷ ጩኸት መጣ።

በመንደሩ መሐል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበረን፤ ለሥራ ጥሪና ለእሳት ቃጠሎ ካልሆነ በቀር እሱን መምታት ያሳስራል። ሮጬ ሄጄ በብረቱ ጠለዝኩት። እንዲህ ጠለዝኩት፦ ባምባሲ ያለ ሰው ምሳውን ትቶ ተነስቷል። የእኛ መንደር ሰው በሙሉ ባልዲውን፣ እንስራውን፣ መቆፈሪያውን ይዞ ግር አለ።

«እሳቱ የት ነው? የት ነው እሳቱ?»

«ተከተሉኝ!» አልኩ። አስከትዬአቸው ሄጄ የጎረቤቴ በር ላይ አቆምኳቸው።

ባልየው በር ላይ ቆሟል፤ ሁለት መቶ ሰው ባልዲ ይዞ ያየዋል። ጭስ የለም። አንዱ ውሃውን ይዞ መመለሱ ከበደው መሰለኝ ዝም ብሎ አናቱ ላይ ደፋበት። ጎረቤቴ ከኋላው ወጣች። ቀኝ እጇን በግራ እጇ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ነጠላ አላነሳችም፤ በምን እጇ? በሰዉ መሐል አለፈች፤ ሰዉም መንገድ ለቀቀላት። ቀጥ ብላ አባባ ቤት ገባች።

ቁስል የሚያክመው የጣቢያው ድሬሰር አሶሳ ስብሰባ ሄዷል ተባለ። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር ወጌሻ አስመጣን፤ እጃቸው እንደ ጉጠት የጠነከረ እናት ነበሩ። ክንዱን ዳሰሱት።

«ይሄ እጅ ማን ሰበረ?»

«ባሏ» አልኩ።

«ለምን ሰበረ?»

«ልጅ አልወለደችም ብሎ።»

አማርኛው ያልገባቸው መስሏቸው እንደገና ጠየቁኝ። እንደገና ነገርኳቸው። የጎረቤቴን ክንድ ወደ ብርሃን አዙረው ከላይም ከታችም አዩት። «ልጅ በእጅ ይወለዳል እንዴ እናንተ አገር? ወላሂ እኔ አልሰማም ነበር» አሉ።

አባባ ቀርከሃ ሰንጥቀው እየላጉ ያቀብላሉ፤ እኔ ትከሻዋን ይዣለሁ። አጥንቱ ሲገጠም ወደ እኔ እንድታይ ብዬ ያፈነኝን ነገር ያኔ ተነፈስኩት።

«ያን ቀን ግቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ሥጋ አምሮሽ ነው።»

«አዎ።»

«ጣፈጠሽ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ ያን ዕለት መዋሸት አቃተኝ። «በጣም» አልኳት።

ሳቀች። ያ ወፍ የሚያባርረው ሳቋ መጣ፤ ክንዷ ተነቃነቀ፤ ወጌሻዋ ሁለታችንንም በበርታ ቋንቋ ሰደቡን። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልተተረጎመልኝም። ስድቡ ግን ይገባኝ ነበር።

ባልየው እሮብ ዕለት ሽማግሌዎቹን ይዞ ተመለሰ። አሁን ፍየል ነው የሚጎትተው። ፍየሉን ገመዱን ይዤ እኔው ራሴ ከግቢ አስወጣሁት፤ ወፍራም ፍየል ነበር፣ አሁንም ሳስበው ልቤ ይሰበራል። ግን አስወጣሁት።

አባባ በዚህኛው ቀን ድምፃቸውን አላነሱም። ባልየው ተነስቶ፣ «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ስሜ ሊጠፋ ነው። ሰው ያለ ልጅ ምንድን ነው? ዘሬ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው» አለ። እውነት ለመናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም አልወለድኩም» አሉ አባባ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ።

«ሦስት ሚስት በየተራ አግብቼ አንድም አልወለድኩም። አልቅሻለሁ፣ እሱን አልዋሽም። ግን ማንም ሰው እጄን አልሰበረኝም። እስቲ አንተ ተነስና ስበረኝ፤ ጥፋቱ አንድ ከሆነ ቅጣቱም አንድ ይሁን።» ያቺን እንደ ሽምብቆ የቀጠነች ክንዳቸውን ዘረጉለት።

ባልየው መሬት መሬት አየ። ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቆየ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስተው በሁለት እጃቸው ያዙና ቀስ አድርገው አወረዱላቸው።

እንደ ወጉ አባት ልጁን ይጠይቃል፤ አባባም ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«አልመለስም።»

«ኩርፊያ እኮ መመለሻ አለው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «መመለሻ የሌለው ኩርፊያ ፍቺ ነው።»

«እንግዲያው ፍቺ ነው» አለች።

ዘንድሮም ድረስ ይህን ስተርክ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባልየው ሌላ አግብቶ ወለደ ወይስ አልወለደም?» መልሱን አውቀዋለሁ፤ ወደ ሌላ መንደር ቢዛወርም ወሬው ከእኔ ወዴት ያመልጣል? ግን አልናገርም። ወለደ ብል ሰዉ «አሃ፣ ጥፋቱ የእሷ ነበር» ይላል፤ አልወለደም ብል «አሃ፣ የእሱ ነበር» ይላል። የተሰበረው ክንድ ግን በሁለቱም መልስ ያው የተሰበረ ክንድ ነው። ስለዚህ አፌን እዘጋለሁ፤ አፌን መዝጋት እንደሚከብደኝ የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት ከዚያ ይገምት።

ፍቺው ግን በአፍ አያበቃም። በጣቢያው ቤቱም ራሽኑም የሚሰጠው በአባወራ ስም ነው። ጎረቤቴ የተጻፈችው በባሏ ስም ሥር ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ ካልተጻፈች ወይ መራብ ነው ወይ መመለስ። ባልየውም ይህን አውቆ ተቀምጦ ይጠብቃል። አርብ ዕለት አባባና እሷ ራሽን ከሚጠብቀው ሰልፍ ጋር ተሰለፉ፤ እኔም ባልጠራም አልቀርም።

ጸሐፊው ጉዳዩን ሰምቶ ራሱን አከከ። «እንዲሁ ሰው አዛውሬ አልጽፍም፤ ዝምድና ያስፈልጋል። ምንዎ ናት?»

«ልጄ» አሉ አባባ።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለበጠ። «አባባ፣ ሲመዘገቡ ልጅ የለኝም ብለዋል።»

«ያኔ አልነበረኝም።»

«ታዲያ መቼ ተወለደች ብዬ ልጻፍ?»

«ባለፈው እሁድ።»

ሰልፉ እስከ ጭራው ሳቀ። ጸሐፊው ላለመሳቅ ታግሎ ተሸነፈ። ወደ ካድሬው ክፍል አየት አደረገ፤ ካድሬው በበሩ በኩል የጎረቤቴን የታሰረ ክንድ አየ፣ ከኋላዋ ያለውን የሴት ሰልፍ አየ፣ እኔን አየ፤ ያን ቸርኬ ድጋሚ የምጠልዘው መሰለው መሰለኝ፣ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ጸሐፊው ጻፈ።

«በይ ጣትሽን አትሚ።»

«መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ፤ ስሜን እጽፋለሁ» አለች።

ቀኟ በቀርከሃ ታስሯል። ብዕሩን በግራዋ ያዘች። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከመዘግየቷ የተነሳ እሷ የመጀመሪያውን ፊደል ስትጨርስ የዘራነው በቆሎ አፍርቶ ነበር። ስሟን ጨርሳ ብዕሩን አነሳችና ቆመች። የሚቀረው የአባት ስም ነው። ቀና ብላ አባባን አየቻቸው።

«የለም፣ የወለደሽን ጻፊ» አሉ። «እሱም ደክሞብሻል። እኔ ቤቱ ይበቃኛል።»

አጎንብሳ ጻፈች፤ ፊደሎቹ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ ከመስመሩ ወጡ። ጸሐፊው የራሽን ስንዴውን ለካላት፤ እኔም ጆንያውን በግራ ትከሻዋ ላይ አሸከምኳት። እኔ ልያዝልሽ ብላትም እንቢ አለች፤ አባባን አስቀድማ፣ በማንጎው በኩል ወደ ቤታቸው ሄደች።